የኦሊቨር ክሮምዌልን የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ የሚረዳ መመሪያ

የጦር መሪም የፓርላማ አባልም የነበረን እንግሊዛዊ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍሎ በአንዱ ዓምድ የጦር ሜዳውን፣ በሌላው የምክር ቤቱን ሥራ በየዓመቱ ቢያሰፍር ይበጀዋል። ኦሊቨር ክሮምዌል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1599 ሀንቲንግደን ተወልዶ በ1628 የዚያችው ከተማ፣ በ1640 ደግሞ የኬምብሪጅ እንደራሴ ሲሆን የወታደሩ ዓምድ ገና ባዶ ነው፤ በፓርላማውና በንጉሥ ቻርልስ መካከል በተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ለፓርላማው ፈረሰኛ አሰልፎ የዘመተው በ1642፣ ከ40 ዓመት ዕድሜ በኋላ ነበርና።

ብዙ ቦታ ሊሰጠው የሚገባው ሁለቱ ዓምዶች የሚጋጩበት ጊዜ ነው። ፓርላማው በኤፕሪል 1645 አባላቱ የጦር ሹመታቸውን እንዲለቁ ሲደነግግ፣ ድንጋጌውን የደገፈው ክሮምዌል ግን ጊዜው ተራዝሞለት፣ በዋና አዛዡ በቶማስ ፌርፋክስ ጥያቄም ተሹሞ፣ ጁን 14 ቀን ኔዝቢ ላይ ከንጉሡ ጦር ጋር በተደረገው ውጊያ ፈረሰኛውን መራ። ይህን የዘለለ ጸሐፊ፣ በእኔ ግምት፣ ክሮምዌል በ1653 ወታደር አስገብቶ ፓርላማውን መበተኑን ዱብ ዕዳ ያስመስለዋል። በ1649 አየርላንድ ውስጥ በድሮሄዳ ከተማ በእሱ ጦር የተፈጸመው ጭፍጨፋም በአንድ ሐረግ የሚታለፍ አይደለም።

ቀን ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ክሮምዌል ሦስተኛ ሆኖ የፈረመበት፣ 59 ፊርማ ያለበት የንጉሥ ቻርልስ የሞት ማዘዣ ጃንዋሪ 29 ቀን 1648 ይላል፤ ንጉሡ የተገደለው ግን በማግሥቱ፣ ዛሬ 1649 በምንለው ዓመት ነው፤ የእንግሊዞች አዲስ ዓመት ያን ጊዜ የሚብተው ማርች 25 ቀን ነበር። አገሪቱ ያን ጊዜ የምትቆጥረውም በአሮጌው የጁሊያን አቆጣጠር ስለሆነ ቀኑን ወደ እኛ ስንመልስ የቀን መቀየሪያው ይህን ማወቁን እናረጋግጥ። ክሮምዌል የሞተበት ሴፕቴምበር 3 ቀን 1658 መስከረም 6 ቀን 1651 ሲሆን፣ አውሮፓውያን ዛሬ በሚጠቀሙበት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከታሰበ ግን ጳጉሜን 1 ቀን 1650 ይወጣል፤ ቀኑ ብቻ ሳይሆን ዓመቱም ይስታል።

ታሪኩን በሞቱ አንዝጋው። ከለንደኑ ቤተ ክርስቲያን ከዌስትሚንስተር አቤይ ተቆፍሮ የወጣው የክሮምዌል ሬሳ በ1661፣ ንጉሡ በተገደለ በ12ኛ ዓመቱ በዚያው ዕለት፣ የለንደን የሞት ቅጣት መፈጸሚያ በነበረው በታይበርን ተሰቀለ፣ ራሱም ተቆረጠ። ያ ራስ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ በ1960 እሱ በተማረበት በኬምብሪጁ ሲድኒ ሰሴክስ ኮሌጅ ተቀበረ፤ ትክክለኛው ቦታ ግን ለሕዝብ አልተነገረም።