የቤት ድለላ ፈቃድ ለምታወጡ

ካዛንቺስም ሆነ ፒያሳ ቤት ለማሻሻጥ ካሰባችሁ በፈቃድ ሥሩ። ቅደም ተከተሉ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር፣ ንግድ ምዝገባ፣ ከዚያ ንግድ ፈቃድ ነው። ብዙ ሰው የሚጉላላው አድራሻ ላይ ነው፦ የቢሮ ኪራይ ውሉ ውልና ማረጋገጫ ቀርቦ መጽደቅ አለበት። ስለዚህ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት አከራዩ ካርታው በስሙ መሆኑን፣ ለፊርማም በአካል ወይም በሕጋዊ ወኪል እንደሚቀርብ አረጋግጡ። አለዚያ ኪራይ እየቆጠረባችሁ ፈቃዱ ይዘገያል። እድሳቱ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ ከጥር ጀምሮ ቅጣት አለው።

ሥራ ስትጀምሩ የኮሚሽን ስምምነታችሁን ቤቱን ከማሳየታችሁ በፊት በጽሑፍ ያዙ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነና ቤቱ የጋራ ሀብት ከሆነ የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል፤ አንዱ ብቻ የፈረመበት ሽያጭ በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል። ቤቱ እዳ ወይም እገዳ እንደሌለበት የሚያሳየው የእዳና እገዳ ማጣሪያም ሻጩ ቀብድ ከመቀበሉ በፊት ይጠየቅ።