ናይዶርፍን ለጊዜው አቆዩት፦ ጀማሪ የቼዝ መክፈቻ ሲመርጥ የሚሠራቸው ስህተቶች

ቅዳሜ ከሰዓት ቼዝ የማለማምዳቸው የሰፈር ልጆች አሉ። አንደኛው ባለፈው ክረምት የሲሲሊን መከላከያ፣ ያውም ናይዶርፍ የሚባለውን ዓይነት፣ ዩቲዩብ ላይ አይቶ እስከ 14ኛው እርምጃ እንደ ዳዊት ሸምድዶት መጣ። ጥቁር ይዞ በዕድሜ ከምታንሰው ልጅ ጋር ተቀመጠ። እሷ ኢ4 ተጫወተች፤ እሱ ሲ5። (ፊደሉ የቦርዱን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ይናገራል፤ የጠጠሩ ስም ካልተጠቀሰ የሄደው ወታደር ነው።) በሁለተኛው እርምጃዋ ግን ፈረሷን ወደ ኤፍ3 አላወጣችም። ቢሾፗን ሲ4 ላይ አስቀመጠች። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና "ይሄ እኮ ቪዲዮው ላይ የለም" አለ። ከዚያ በኋላ እጁ ተሳሰረ። ሃያ እርምጃ ሳይሞላ ተሸነፈ።

የሁለት ወር ልፋቱን በሁለተኛው እርምጃ ላይ ውኃ በላው። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ እንዲያውም ከሁሉም ታታሪው እሱ ነው። የተሳሳተው ሲመርጥ ነው። እንዲህ ያለ ትጋት በከንቱ ሲቀር ማየት ያሳዝነኛል። ስለዚህ ጀማሪዎች መክፈቻ፣ ብዙዎቻችን ኦፕኒንግ የምንለውን፣ ሲመርጡ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ትልልቆቹ ስለሚጫወቱት ብቻ መምረጥ

የዓለም ሻምፒዮን የነበሩት ቦቢ ፊሸርና ጋሪ ካስፓሮቭ ናይዶርፍን ለብዙ ዓመታት ተጫውተውታል። እነሱን አይቶ መመኘት ያለ ነው። ግን አካሄዱን ተመልከቱ። ነጭ ኢ4፣ ጥቁር ሲ5። ነጭ ፈረሱን ኤፍ3 ያወጣል፣ ጥቁር ዲ6። ነጭ ዲ4 ይገፋል፣ ጥቁር ይበላል፣ የነጭ ፈረስ መልሶ ይበላል። የጥቁር ፈረስ ኤፍ6 ሲወጣ የነጭ ሁለተኛ ፈረስ ሲ3 ይወጣል። እዚህ ላይ ጥቁር ኤ6 ይጫወታል። ዳር ያለው ወታደር አንድ ቤት ብቻ ወደፊት ሄደ ማለት ነው።

ይህ እርምጃ የነጭ ፈረስና ቢሾፕ ቢ5 ላይ እንዳያርፉ ይከለክላል። ለኋላ ደግሞ የጥቁርን ቢ5 ያዘጋጃል። ጥልቅ ሐሳብ ነው። ነገር ግን አዲስ ጠጠር አልወጣም፤ የጥቁር ንጉሥም ገና መሀል ላይ ነው። ነጭ ደግሞ በስድስተኛው እርምጃ ቢሾፑን ጂ5፣ ኢ3፣ ሲ4 ወይም ኢ2 ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል። ካልሆነም ኤፍ3 ወይም ኤች3 ይገፋል። ሁሉም የምር መንገዶች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ የተለየ መልስ ያስፈልጋል።

ትልልቆቹ እንዲህ ያለውን የሚመርጡት ተጋጣሚያቸውም መጽሐፉን ስለሚያውቀው ነው። የእናንተ ተጋጣሚ ግን አላነበበውም። እንደዚያች ልጅ ሁለተኛው እርምጃ ላይ ቢሾፕ ያወጣል። ለእሱ መልሱ ቀላል ነበር፦ ኢ6፣ ከዚያ ዲ5። ወታደሩ ቢሾፑን እያስፈራራ መሀሉን ይይዛል። ልጁ ይህን ለማግኘት ናይዶርፍን ማወቅ አያስፈልገውም ነበር። መሀሉን መያዝ ለምን እንደሚጠቅም ቢያውቅ ይበቃው ነበር።

ምክንያቱን ሳያውቁ መሸምደድ

ቁጥሩን እንየው። ነጭ ለመጀመሪያ እርምጃው 20 ምርጫ አለው። ጥቁርም እንደዚሁ 20። አንድ አንድ ጊዜ ሲጫወቱ 400 መንገድ ይሆናል። ሁለት ሁለት ጊዜ ሲጫወቱ 197,281። ይህን ሁሉ በቃሉ የሚይዝ ሰው የለም። መያዝ የሚቻለው ምክንያቱን ነው።

ለጀማሪ የጣሊያንን ጨዋታ የምመርጠው ለዚህ ነው። ኢ4 መሀሉን ይይዛል፤ ለንግሥቷና ለቢሾፑም መንገድ ይከፍታል። ጥቁር ኢ5 ሲመልስ ፈረሱ ኤፍ3 ወጥቶ ያንን ወታደር ያስፈራራል። ጥቁር ፈረሱን ሲ6 አውጥቶ ይጠብቀዋል። ከዚያ የነጭ ቢሾፕ ሲ4 ላይ ይቀመጥና ኤፍ7ን ያያል። ኤፍ7 ማለት ጨዋታው ሲጀመር ከንጉሡ በቀር ማንም የማይጠብቀው ቤት ነው። ቀጥሎ ካስል አድርጎ ንጉሡን መሸሸግ። እያንዳንዱ እርምጃ የሚናገረው ነገር አለው። ከ400 ዓመት በፊት ይጫወቱት ነበር፤ ዛሬም ትልልቆቹ ይጫወቱታል።

አንድ መፈተኛ አለኝ። ስልኩን ዝጉና የመረጣችሁትን መክፈቻ አምስት እርምጃ ለወንድማችሁ ወይም ለጓደኛችሁ አስረዱ። እርምጃውን ሳይሆን "ይህን የተጫወትኩት ለምንድን ነው" የሚለውን። መሀል ላይ ከተያዛችሁ የያዛችሁት ሽምደዳ ነው።

እዚህ ላይ የራሳችን ሰንጠረዥ ትዝ ይለኛል። ድሮ በመኳንንቱ ቤት ይጫወቱት የነበረው፣ ፈርዝና ፊል፣ ደርና መደቅ የሚባሉ ጠጠሮች ያሉበት። ጨዋታው የሚጀምረው በወረራ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም እንደፈለጉ ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ታዲያ ጎበዝ ተጫዋች ዓይኑ ከተጋጣሚው አሰላለፍ ላይ አይነሳም። ያኛው ሲቀይር እሱም ይቀይራል። ይህ ልማድ ለዛሬው ቼዝም መክፈቻ ላይ ይሠራል፤ ዓይናችሁ ማዶ ይሁን።

ወጥመድን መክፈቻ ማድረግ

ይህኛውን በደንብ እንየው፤ ብዙ ሰው የሚቀረው እዚህ ጋ ነውና።

የአራት እርምጃ ማት የሚባለውን የማያውቅ የለም። ኢ4፣ ከዚያ ንግሥት ኤች5፣ ቢሾፕ ሲ4፣ በመጨረሻ ንግሥቷ ኤፍ7 ላይ በልታ ቼክሜት። የመጀመሪያዎቹን አምስት ተጋጣሚዎች ያሸንፋል። ስድስተኛው ግን ኢ5 ከተጫወተ በኋላ ፈረሱን ሲ6 አውጥቶ ይጠብቃል። ቢሾፑ ሲመጣ ጂ6 ገፍቶ ንግሥቷን ያባርራታል። ንግሥቷ ኤፍ3 ሄዳ ኤፍ7ን እንደገና ብታይ ሁለተኛውን ፈረስ ኤፍ6 አውጥቶ መንገዷን ይዘጋል። አሁን ቦርዱን እዩት። ጥቁር ሁለት ፈረስ አውጥቷል። ነጭ ንግሥቷን ሁለት ጊዜ አንቀሳቅሷል፤ የቆመችበት ኤፍ3 ደግሞ የራሱ ፈረስ መውጫ ነበር። ጥቃቱም አልቋል፣ ቤቱም አልተሰናዳም።

ኤንግሉንድ ጋምቢት የሚባለው መክፈቻም እንዲሁ ነው። ነጭ ዲ4 ሲጫወት ጥቁር ኢ5 ብሎ ወታደር ይሰጣል። ነጭ ይበላል። የጥቁር ፈረስ ሲ6፣ የነጭ ፈረስ ኤፍ3፣ የጥቁር ንግሥት ኢ7፣ የነጭ ቢሾፕ ኤፍ4። ንግሥቷ ቢ4 ላይ ቼክ ትላለች፣ ቢሾፑ ዲ2 ይመለሳል፣ ንግሥቷ ቢ2ን ትበላለች። እዚህ ነጭ ንግሥቷን ለማስፈራራት ቢሾፑን ሲ3 ካደረገ አለቀለት። የጥቁር ቢሾፕ ቢ4 ይመጣና ያንን ቢሾፕ ከንጉሡ ፊት ይቸነክረዋል። ነጭ በንግሥት ዲ2 ሊጠብቀው ቢሞክርና ጥቁር ሲበላ በንግሥቷ ቢመልስ፣ ሲ1 ላይ ማት ነው። ያምራል። ነገር ግን ነጭ ከቢሾፑ ይልቅ ፈረሱን ሲ3 ቢያወጣስ? ወጥመዱ የለም። ጥቁር ንግሥቱ ብቻዋን ሜዳ ላይ ቀርታ፣ ከአንድ ፈረስ በቀር ሌላው ጠጠሩ ሳይወጣ፣ ከባድ ጨዋታ ይጠብቀዋል።

ወጥመዶችን ተማሯቸው። እንዳትገቡባቸው ተማሯቸው። የተጋጣሚን ስህተት እየጠበቀ የሚኖር መክፈቻ ግን ቤት አይሆንም፤ ተጋጣሚያችሁ እያደገ በሄደ ቁጥር እናንተ ባላችሁበት ትቀራላችሁ።

ለንደንን ሳያዩ መጫወት

ለንደን ሲስተም ጥሩ መክፈቻ ነው። ዲ4፣ ቢሾፕ ኤፍ4፣ ኢ3፣ ፈረስ ኤፍ3፣ ሲ3፤ ሁልጊዜ ተመሳሳይ አሰላለፍ። ጊዜ ለሌለው ሰው ይመቻል። ችግሩ ብዙዎች ቦርዱን ሳያዩ ነው የሚደረድሩት። ያ ቢሾፕ ከሲ1 ሲወጣ ቢ2 ላይ ያለው ወታደር ጠባቂውን ያጣል። ጥቁር ሲ5 ገፍቶ ንግሥቱን ቢ6 ላይ ሲያመጣት ወዲያው ታየዋለች። ይህን ያላየ ሰው የተለመደ ድርደራውን ይቀጥልና ወታደሩን ያስበላል። ለንደንን ከመረጣችሁ በየእርምጃው "አሁን ምን ሊበላብኝ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ።

በአንድ ጊዜ ብዙ መያዝ

ሦስት ይበቃችኋል። በነጭ አንድ። በጥቁር ለኢ4 አንድ፣ ለዲ4 አንድ። የኔ ምክር በነጭ የጣሊያን ጨዋታ፣ ለኢ4 መልስ ኢ5፣ ለዲ4 መልስ ዲ5 ሆኖ ከዚያ ኢ6ና ፈረስ ኤፍ6። ለመጀመሪያው ዓመት ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

"እኔ አጥቂ ነኝ" ብሎ መምረጥ

ሃምሳ ጨዋታ ያልተጫወተ ሰው ምን ዓይነት ተጫዋች እንደሆነ ገና አያውቅም። ከጠባይ ይልቅ መክፈቻው የሚያስከፍላችሁን ዋጋ እዩ። ጥቁር ለኢ4 የሚመልስበትን የፈረንሳይ መከላከያ ውሰዱ። ኢ6 ቀጥሎ ዲ5 ጠንካራ ነው፤ ግን ሲ8 ላይ ያለው ቢሾፕ ከራሱ ወታደር ኋላ ይታሰራል። ካሮ-ካን የሚባለው ሌላው መልስ ይህንን ያስቀራል። ዲ5ን በኢ6 ፋንታ በሲ6 ስለሚደግፍ የቢሾፑ በር ክፍት ነው። በምትኩ ሲ6 የፈረሱ ጥሩ ቤት ነበር፣ እሱ ተያዘ። ሁለቱም የተከበሩ መክፈቻዎች ናቸው። የትኛውን ችግር መሸከም እንደምትችሉ ተጫውታችሁ እዩትና ምረጡ።

ኮምፒውተሩ በሰጠው ነጥብ መፍራት

"ስቶክፊሽ የሚባለው የቼዝ ፕሮግራም በዚህ የጥቁር መክፈቻ ለነጭ የ0.4 ብልጫ ሰጠ፣ ስለዚህ አይረባም" የሚል ወጣት ገጥሞኛል። 1.0 በተለምዶ እንደ አንድ ወታደር ብልጫ ይቆጠራል። 0.4 የግማሽ ወታደር ያህል እንኳ አይሞላም። እኛ በየጨዋታው ፈረስ በነፃ እያስበላን፣ ያውም ሦስት ወታደር የሚያወጣ ፈረስ፣ በዚህች ልዩነት መክፈቻ መጣል አይገባንም።

በተሸነፉ ቁጥር መቀየር

ይህን እኔም አድርጌዋለሁ። በአንድ ዓመት አራት መክፈቻ ቀያይሬ፣ በዓመቱ መጨረሻ አንዱንም በደንብ አላውቀውም ነበር። ሽንፈት ሲያምም ጥፋቱን መክፈቻው ላይ መጣል ይቀላል። ግን ጨዋታው የት ላይ እንደተበላሸ ተመልሳችሁ ካላያችሁ በቀር ይህን ማወቅ አትችሉም።

ለዚያ ናይዶርፍ ለሸመደደው ልጅ ደብተር ገዛሁለት። ለኢ4 መልሱ ኢ5 ሆነ፤ ለሦስት ወር እንዳይቀይር ተስማማን። በተሸነፈ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ይጽፋል፦ ስንተኛው እርምጃ ላይ ምን ተበላበት። ባለፈው ቅዳሜ ደብተሩን አብረን ገለጥነው። ዘጠኝ ሽንፈት ተመዝግቧል። ከአሥረኛው እርምጃ በፊት የተበላሸው አንዱ ብቻ ነው። ስምንቱ ከ15ኛው በኋላ ፈረስ ወይም ቢሾፕ ሳይጠበቅ ቀርቶ የተበላባቸው ናቸው። ስለዚህ አሁን መክፈቻውን አልነካነውም። በየሳምንቱ አሥር አሥር የፈረስ ሹካ፣ ማለትም ፈረስ በአንድ ጊዜ ሁለት ጠጠር የሚያስፈራራበት፣ እንቆቅልሽ እየሠራን ነው።