በአሞራ ገደል ገሎችን ለመመልከትና ፎቶ ለማንሳት

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር በሚገኘው የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ካሜራ የያዘ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያነጣጥረው በአባ ኮዳዎች ላይ ነው፤ ከበላያቸው እየጮሁ የሚያንዣብቡት ነጫጭ የውኃ ወፎች፣ ማለትም ገሎች፣ ግን የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃሉ፤ በእኔ ግምት ድካሙንም የበለጠ ይክሳሉ።

ከተማው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሚገኝ ጠዋት ፀሐይ ከጀርባዎ ትሆናለች፤ አጥማጆች ዓሣ እያጸዱ ትርፍራፊውን ሲጥሉም ወፎቹ እስከ ጥቂት እርምጃ ድረስ ይጠጋሉ።

ለመለየት ከዓይን ይጀምሩ። ባለግራጫ ራስ ገል ፈዛዛ ዓይን፣ ቀይ ምንቃርና ቀይ እግር አለው፤ ግራጫው ቆብ ጎልቶ የሚታየው በመራቢያ ወቅት ስለሆነ በራስ ቀለም ብቻ መፍረድ ያሳስታል። በበጋችን ወራት ከሰሜን የሚመጣው ባለጥቁር ራስ ገል ግን ዓይኑ ጥቁር ሲሆን፣ በዚያ ወቅት ራሱ ነጥቶ ከዓይኑ ኋላ ጠቆር ያለ ነጥብ ብቻ ይታይበታል።

በበረራ ላይ ለማንሳት የሸተር ፍጥነቱን ወደ 1/2000 ሰከንድ ከፍ አድርገው፣ ፎከሱ ወፉን ያለማቋረጥ እንዲከተል ያስተካክሉ። ጠቆር ባለ ውኃ ላይ ነጭ ወፍ ሲያነሱ ካሜራው ተታልሎ ብርሃን ስለሚያበዛ፣ በካሜራው የብርሃን ማስተካከያ (exposure compensation) ከ0.7 እስከ 1 ደረጃ (ስቶፕ) ይቀንሱ፤ የእኔ የመጀመሪያ ቀን ፎቶዎች በሙሉ ላባቸው የማይለይ ነጭ ነጠብጣብ ሆነው ቀርተዋል። ወፎቹ የሚያርፉትም የሚነሡትም ነፋሱን ተጋፍጠው ስለሆነ፣ ነፋሱን ጀርባዎን ሰጥተው፣ በርከክ ብለው ይጠብቁ።