አሮጌው ልብስ ማድረቂያ ጋቢ ሲያኮማትርና ነጠላ ሲያበላሽ፦ ችግርና መፍትሄ

ከእንጦጦ ማዶ፣ በሱሉልታና በአካባቢው፣ በሐምሌና በነሐሴ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ይደርቃል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ጋቢ ከሆነማ ሳይደርቅ ሽታ ይይዛል። ስለዚህ ከውጭ በተመለሰ ዘመድ ዕቃ መካከል የመጣው ወይም ከሐራጅ የተገዛው አሮጌ ልብስ ማድረቂያ በሰኔ ከዕቃ ቤት ይወጣል። ብዙም ሳይቆይ «ማሽኑ ልብስ በላብን» የሚለው አቤቱታ ይከተላል። ለጥገና በምጠራባቸው ቤቶች የማገኛቸውን ብልሽቶች በብዛት ከሚያጋጥመው ጀምሬ አስፍሬያቸዋለሁ።

አሮጌ ማድረቂያ በተፈጥሮው ጨካኝ ነው የሚባለውን አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ1938 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ከቀረበው የሐሚልተን ማድረቂያ ወዲህ መሠረታዊ አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም፤ የሚሽከረከር ከበሮ፣ አየር የሚስብ ማራገቢያና አየሩን የሚያሞቅ ሽቦ ነው። ልብስ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ሙቀቱ ውኃውን በማትነን ስለሚያልቅ ጨርቁ ራሱ ብዙም አይግልም። ጉዳቱ የሚጀምረው ውኃው ካለቀ በኋላ ነው። አዳዲሶቹ ማሽኖች እርጥበቱን ለክተው ይቆማሉ፤ አሮጌው ግን የሚያውቀው የተሞላለትን ሰዓት ብቻ ነው።

ጋቢው ተኮማትሮ፣ ፎጣው እንደ ሰሌን ደርቆ ሲወጣ

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሰዓቱ ነው። ማሽኑ የአሜሪካ ሥሪት ከሆነ ጥርጣሬው እጥፍ ይሆናል። እነዚህ ማሽኖች የተሠሩት ለ60 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ ለሚመላለስ ኤሌክትሪክ ነው፤ የእኛ አገር መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይነካም። ሻጮች ይህን ቢያውቁም አይናገሩም። የሰዓት መቁጠሪያው ትንሽ ሞተር የሚዞረው በኸርዙ ልክ ስለሆነ እዚህ አገር ቀስ ብሎ ይሄዳል፦ 60 ደቂቃ የሞላችሁለት ማሽን በእርግጥ የሚሠራው 72 ደቂቃ ነው። የመጨረሻዎቹ 12 ደቂቃዎች ብዙ ጊዜ በደረቀ ልብስ ላይ የሚያልፉ ናቸው። መፍትሄው ምንም ወጪ የለውም፤ ከምትፈልጉት ጊዜ ላይ አንድ ስድስተኛውን ቀንሱና ሙሉ።

ሁለተኛው አየሩ ነው። የማሽኑ ዋና ሞተርም በ50 ኸርዝ ስለሚዘገይ ማራገቢያው የሚገፋው አየር በአንድ ስድስተኛ ገደማ ያንሳል። በዚህ ላይ ከፍታችን አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፣ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። በሽቦው ላይ የሚያልፈው አየር ባነሰ ቁጥር ያ ያለፈው ይበልጥ ይግላል፤ ልብሱም ጋ የሚደርሰው እንደጋለ ነው። ስለዚህ የማሽኑ መመሪያ «ለጥጥ ከፍተኛ ሙቀት» ቢልም እኔ እዚህ ከመካከለኛው በላይ አልመክርም።

ሦስተኛው ያረጀ ቴርሞስታት ነው። ሙቀቱ ሲበዛ ማሞቂያውን የሚያጠፋው ይህ ቁራጭ ብረት ከዓመታት በኋላ መገናኛው ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ የአየር ማውጫውን ትቦ ፈትታችሁ ቴርሞሜትር መውጫው አፍ ላይ አድርጉና ማሽኑን በእርጥብ ፎጣዎች አስነሱት። ጤነኛ ቴርሞስታት ሙቀቱን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ በዝቅተኛው 50 ዲግሪ አካባቢ፣ በከፍተኛው ደግሞ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይመላለሳል። ሳይወርድ እየጨመረ ብቻ ከሄደ ማሽኑን አጥፉት፤ ቴርሞስታቱ መቀየር አለበት፣ በላዩ የተጻፈው ዲግሪም ከበፊቱ ጋር አንድ መሆን አለበት።

ጋቢን ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ ደግሞ ልል የእጅ ፈትል ነው። ሁለቱ እኩል ስለማይኮማተሩ ጨርቁ በአንድ ወገን ያጥርና ይጨማደዳል፤ ይህ ከሆነ በኋላ ደግሞ በካውያ አይመለስም። አንዲት እናት ጋቢያቸውን ዘርግተው ሲያሳዩኝ «ልጄ፣ ይሄ አሁን ለልጅ ልጄ ነው የሚሆነው» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነበር። ጋቢ ማድረቂያ ውስጥ መግባት ካለበት በዝቅተኛ ሙቀት ይግባ፤ ብቻውን ከገባ ተጠቅልሎ ውጪው ሲደርቅ ውስጡ እርጥብ ስለሚቀር ሁለት ፎጣ አብራችሁ ጨምሩ። ጠርዙን በጣታችሁ ስትይዙት ገና ቀዝቀዝ እያለ አውጡትና ቤት ውስጥ ዘርግታችሁ ጨርሱት። ጥበብ ያለበትን የሐበሻ ቀሚስና ነጠላን ግን በፍጹም አታስገቡ። የትኛውም ማሽን ቢሆን ይህን አልፈቅድም።

በፋብሪካ ልብስ ላይ ምልክቱን እዩ፦ አራት ማዕዘን ውስጥ ክብ ካለ ማድረቂያ ይቻላል፣ በክቡ ውስጥ አንድ ነጥብ ካለ ዝቅተኛ ሙቀት፣ ሁለት ነጥብ ካለ መደበኛ ሙቀት ነው፤ የተሰረዘ ከሆነ ክልክል ነው።

ነጭ ልብስ ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር ምልክት

ሁለቱ ምልክቶች የተለያየ ምንጭ አላቸው። ቡናማና ነጠብጣብ ከሆነ ዝገት ነው። የአሮጌ ከበሮ ቀለም በተለይ ልብስ በሚያነሱት ክንፎች ሥር ይላጣል፤ ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ዕቃ ቤት የከረመ ማሽን ላይ ደግሞ ይብሳል። ክንፎቹን ፍቱ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ጠርጉ፣ ሙቀት የሚችል ቀለም ቀቡና ሽታው እስኪጠፋ ማሽኑን በአሮጌ ጨርቅ አሠሩት። የዛገውን ነጠላ በበረኪና ለማስለቀቅ አትሞክሩ፤ በረኪና የዝገትን እድፍ ያጸናዋል። የሎሚ ጭማቂ ይሻላል።

ጥቁርና ረዘም ያለ ጭረት ከሆነ ከበሮው ከፊት ለፊቱ ላሜራ ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ ያለው ወፍራም የሱፍ ማሸጊያ አልቋል ማለት ነው። ልብሱ በክፍተቱ ገብቶ ይታሻል፣ አንዳንዴም ጠርዙ ይቃጠላል። ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ከበሮውን በእጃችሁ ወደ ላይ አንሱት፤ በሰፊው ከተንቀሳቀሰ ማሸጊያው ወይም የሚሽከረከርባቸው ትናንሽ ጎማዎች አልቀዋል። ለማሸጊያው ኦሪጅናል ዕቃ መፈለግ ግዴታ አይደለም፤ በልኩ የተቆረጠ ወፍራም ንጹሕ የሱፍ ፌልት ሙቀት በሚችል ማጣበቂያ ቢለጠፍ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል።

ክር ሲመዘዝ፣ ሹራብ ሲበጣጠስ

ከበሮው ውስጥ ዓይን የማያየው ሹል ነገር አለ። የቆየ የባለሙያ ዘዴ አለው፦ ያረጀ ናይለን ስቶኪንግ በእጃችሁ አጥልቃችሁ የከበሮውን ግድግዳ፣ ቀዳዳዎቹንና የክንፎቹን ዳር ቀስ ብላችሁ ዳብሱ። ናይለኑ የተያዘበት ቦታ ላይ ጥፋተኛው አለ። ብዙ ጊዜ የላላ ብሎን፣ በሳንቲም የተፋቀ ቀዳዳ ወይም ቀልጦ የጠነከረ የፕላስቲክ ቁልፍ ነው። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አልስልሱት፣ በስቶኪንጉም ድገሙት።

ወንፊቱ ላይ የምትሰበስቡት ብናኝም ይናገራል። ከልብሳችሁ የወጣ ጥጥ ነውና ከወትሮው ሲበዛ ልብሱ ከመጠን በላይ እየታሸ ነው። ከበሮውን ከግማሹ ብዙ አሳልፋችሁ አትሙሉ፣ ሰዓቱንም ቀንሱ።

ሁለት ሰዓት ሠርቶ ልብሱ እርጥብ ሲሆን

ማሽኑን ከመውቀሳችሁ በፊት ልብሱ ምን ያህል እንደተጨመቀ ጠይቁ። ማድረቂያ የተሠራው በማጠቢያ ማሽን ተሽከርክሮ ውኃው የወጣለትን ልብስ ለመቀበል ነው። በእጅ ታጥቦ በእጅ የተጨመቀ ጂንስ እጅግ ብዙ ውኃ ይዞ ይገባል። ማጠቢያ ማሽን ካላችሁ በእጅ ያጠባችሁትንም ቢሆን ለመጭመቅ ብቻ ተጠቀሙበት።

ቀጥሎ መስመሩን ለኩ። ምሽት ላይ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ በከተማው ዳርቻ ቮልቱ ይወርዳል፤ የማሞቂያ ኃይል ደግሞ ከቮልቱ በበለጠ ፍጥነት ይቀንሳል። ለ220 የተሠራ ሽቦ 180 ቮልት ሲያገኝ የሚሰጠው ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ነው። ከረፋዱ ላይ ማድረቅ ይሻላል። በመጨረሻም የማውጫ ትቦው ታጥፎ ወይም በብናኝ ተደፍኖ እንደሆነ እዩ፤ ትቦው ወደ ውጭ ካልወጣ ማሽኑ ያስወጣውን እርጥብ አየር መልሶ ይስባል።

ገላው ሲነዝር፣ መሐል ላይ ሲቆም

የሚነዝር ማሽን ወዲያውኑ ከሶኬት ይነቀል። በብዙ አሮጌ የአሜሪካ ማድረቂያዎች የማሽኑ ገላ ከኒውትራል (ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት) ሽቦ ጋር የታሰረ ነው፤ ወደ እኛ መስመር ሲቀየር ያ ግንኙነት ተነጥሎ ገላው ለብቻው ከመሬት ሽቦ ጋር መያያዝ አለበት። ይህ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው።

መሐል ላይ የሚቆም ከሆነ ሞተሩ ግሎ ራሱን እየጠበቀ ይሆናል፦ ንቀሉት፣ የኋላ ክዳኑን ክፈቱ፣ የተጠራቀመውን ብናኝ በብሩሽና በቫኩም አውጡ። የሙቀት ፊውዙ ተቃጥሎ ከሆነ በሽቦ አገናኝቶ «ተሠራ» የሚላችሁን ጠጋኝ አሰናብቱ። ያ ፊውዝ በብናኝ የተሞላ ማሽን እሳት እንዳያስነሳ የተቀመጠ የመጨረሻ መከላከያ ነው።

ሲጮህ

ጢው የሚል ድምፅ ከጎማዎቹ ወይም ከኩሽኔታው ነው፤ ዘይት ወደ ሱፍ ማሸጊያው ከፈሰሰ ልብስ ያበላሻልና መቀባት ሳይሆን መቀየር ይሻላል። ሞተሩ እየሠራ ከበሮው ካልዞረ ቺንጋው ተበጥሷል። የተበጠሰውን አትጣሉት፤ ርዝመቱና በውስጥ በኩል ያሉት መስመሮች ቁጥር ከሌለ ዕቃ ሻጩ የሚመጥነውን ሊሰጣችሁ አይችልም።