የምክር ቤት ተወካያችንን ስንመዝን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል የሚመረጠው ለአምስት ዓመት ነው። በእነዚህ ዓመታት የቡናን ግብይት፣ የግብርን ልክ፣ የዩኒቨርሲቲዎችን በጀት የሚወስኑ ሕጎች ፊቱ ይቀርባሉ። ጅማ ላይ ግን አንድ ተወካይ «ጎበዝ ነው» ወይም «ምንም አልሠራም» ሲባል ፍርዱ በእነዚህ ሕጎች ላይ ሲያርፍ እምብዛም አልሰማም። ይህ ያሳስበኛል። ደጋግመው የሚያጋጥሙኝን ስህተቶች እነሆ።

ጥያቄን ለተሳሳተ ምክር ቤት ማቅረብ

የመራጮች ስብሰባ ምን እንደሚመስል የተገኘ ያውቀዋል። አዳራሹ ሞልቷል፤ ተወካዩ መድረኩ ላይ ማስታወሻ ደብተራቸውን ዘርግተዋል። አንዲት እናት ተነሥተው የሰፈራቸው ቧንቧ ከደረቀ ወር እንዳለፈው ይናገራሉ። አንድ አዛውንት ቀጥለው «ልጄ፣ የሰፈራችን ኮብልስቶን የት ደረሰ?» ይላሉ። ተወካዩ ይጽፋሉ፤ «ለሚመለከተው አካል እናደርሳለን» ይላሉ፤ ስብሰባው ይበተናል።

ውኃ ያጣ ሰው ስለ ውኃ መጠየቁ መብቱ ነው። ነገር ግን የከተማው ቧንቧና የውስጥ ለውስጥ መንገድ የከተማው አስተዳደርና ምክር ቤት ጉዳይ ነው። የክልል ሕግና በጀት የጨፌ ኦሮሚያ ነው። በምርጫ ቀን አንድ ድምፅ ለፌዴራሉ፣ ሌላውን ለክልሉ ምክር ቤት የምንሰጠውም ለዚህ ነው። የፌዴራል ተወካይ ሥራ የፌዴራል ሕግ ማውጣት፣ የፌዴራል በጀት ማጽደቅና አስፈጻሚውን መቆጣጠር ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ጅማ ስለሚያደርሰው ዋና መንገድ እሱን ማፋጠጥ ተገቢ ነው፤ መንገዱ የፌዴራል ነውና። ስለ ኮብልስቶኑ ማፋጠጥ ግን ተወካዩን አያስጨንቀውም፤ እንዲያውም ይገላግለዋል። ስለ ቧንቧ ሲጠየቅ የዋለ ሰው ስለ አዋጅ ሳይጠየቅ ይመለሳል።

የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ሌላ ነው። ዋና ሥራው ሕገ መንግሥቱን መተርጐምና የመሳሰለው እንጂ እንደ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ ማጽደቅ አይደለም።

«የእኛ ልጅ ነው» ማለትን ማስረጃ ማድረግ

የትውልድ ቦታና ዘመድ ማወቅ ክፋት የለውም፤ የአገሩን ችግር የሚያውቅ ሰው ቢወክለን እንመርጣለን። ስህተቱ እዚያ ላይ መቆም ነው። የተወካይን ማንነት የሚያጠና ሰው ከትውልድ መንደሩ ቀጥሎ ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ፦ ከመመረጡ በፊት ምን ሲሠራ ነበር? አሁን በየትኛው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ነው? ከአባልነቱ ሌላ የመንግሥት ሥልጣን ይዟል?

ሦስተኛው በእኛ አካባቢ ቸል የሚባል ነው። በሕገ መንግሥታችን ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድም ምክር ቤት የገቡት በ2002 ዓ.ም. ምርጫ በዚሁ በጅማ ዞን ከአጋሮ ተመርጠው ነው። ሚኒስትሮችም ከአባላት መካከል ሊሾሙ ይችላሉ። አሠራሩ ሕጋዊ ነው። ሆኖም በአንቀጽ 55 መሠረት ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን አለው። ተወካያችን ከጠያቂዎቹ ወንበር ነው ወይስ ከተጠያቂዎቹ? የምንጠብቅበት ነገር እንደ መልሱ ይለያያል።

«ስንት ሕግ አወጣ?» ብሎ መቁጠር

ከሁሉም የሚያከራክረኝ ይህ ነው። በአገራችን አብዛኛው ረቂቅ አዋጅ የሚመነጨው ከአስፈጻሚው ነው፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተወያይቶ ይልከዋል። ምክር ቤቱ ረቂቁን ተቀብሎ ለዝርዝር ዕይታ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራዋል። ኮሚቴው ባለሙያ ይጠይቃል፣ የሕዝብ አስተያየት መድረክ ያዘጋጃል፣ የሚሻሻለውን አሻሽሎ የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል። ከዚያ እጅ ይወጣል። ከጸደቀ በኋላ ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ ይላካል፤ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈረም እንኳ ሕግ ይሆናል። እንግዲህ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ «የእከሌ ሕግ» የሚባል ማግኘት ይከብዳል። ቁጥር የሚቆጥር ሰው ወይ ሁሉንም አዋጅ ለተወካዩ ያስመዘግብለታል፣ ወይ ባዶ ይሰጠዋል። ሁለቱም ትክክል አይደለም።

የአንድ አባል ሥራ የሚታየው በመካከሉ ነው፤ በኮሚቴው ውስጥ ባነሣው ጥያቄና ባስቀየረው አንቀጽ። ለጅማ ሰው የሚቀርበውን ምሳሌ ልውሰድ፦ የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009። አርሶ አደሩ፣ አቅራቢውና ላኪው በምን ሥርዓት እንደሚገበያዩ የሚደነግግ ሕግ ነው። ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከማና ቡና የሚሰበስብ ነጋዴ ፈቃዱም ግብይቱም ከዚህ ሕግ ጋር ተያይዟል። ሲረቀቅ ከጅማ አካባቢ የተመረጡት አባላት ምን ጠየቁ? የሕዝብ መድረክ ሲዘጋጅ እዚህ ያሉ ቡና አምራቾችና አቅራቢዎች እንዲሰሙ አድርገዋል? ወደፊትም የቡና ሕግ ሲሻሻል መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው።

ድምፁንስ በምን እናውቃለን? ዜናው ብዙውን ጊዜ ቁጥር እንጂ ስም አይነግረንም፦ ይህን ያህል ድጋፍ፣ ይህን ያህል ተቃውሞ፣ ይህን ያህል ድምፀ ተአቅቦ። ነገር ግን ከቁጥሩም የሚወጣ አለ። አዋጁ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ከተባለና ተወካያችን በስብሰባው ከነበረ ደግፏል ማለት ነው፤ በኋላ ጅማ መጥቶ «እኔስ አላመንኩበትም ነበር» ቢል ያኔ ለምን ዝም አለ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ተቃውሞ ወይም ተአቅቦ ሲኖር ደግሞ እሱ የት ላይ እንደነበረ ራሱን በግልጽ እንጠይቀው። «ፓርቲዬ ስላዘዘኝ» የሚል መልስ ሙሉ መልስ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 አባላት ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ተገዢ ናቸው ይላል፤ በምክር ቤት በሰጡት ድምፅም እንዳይከሰሱ ይጠብቃቸዋል። ጥበቃው የተሰጠው እንዲጠቀሙበት ነው።

ምልዓተ ጉባኤ ከግማሽ በላይ አባላት ሲገኙ እንደሚሟላም አይዘንጋ። ስለዚህ «ተገኝተህ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ይቅደም።

የራስን ሀብትና የቅስቀሳን ገንዘብ ማደባለቅ

«ቤት ሠራ፣ መኪና ገዛ» የሚለው ወሬና «ለምርጫው ማን ከፈለለት?» የሚለው ጥያቄ አንድ ላይ ሲፈላ እሰማለሁ። መንገዳቸው የተለያየ ነው። የግል ሀብቱን በሚመለከት፣ በሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 መሠረት ተመራጭ የራሱንና የቤተሰቡን ሀብት ለሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ማስመዝገብ አለበት። የቅስቀሳው ገንዘብ ጉዳይ ደግሞ በምርጫ አዋጁ፣ በቁጥር 1162/2011፣ የሚገዛ ሆኖ ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ነው።

እዚህ ላይ የሌላ አገር ምርጫ ዜና ያሳስተናል። እኛ ዘንድ የገንዘቡ ዋና ቋት የዕጩው ኪስ ሳይሆን ፓርቲው ነው። ፓርቲ ከአባላት መዋጮ፣ ከኢትዮጵያውያን ስጦታና ከመንግሥት ድጋፍ ያገኛል፤ ከውጭ ዜጋና ከውጭ ድርጅት መቀበል ክልክል ነው። ሒሳቡንም አስመርምሮ ለቦርዱ ያቀርባል። የግል ዕጩ ከሆነ ግን ምንጩን ከራሱ መጠየቅ ነው።

በዓይን የሚታየውን ግን ማንም ዜጋ ሊመዘግበው ይችላል። የመንግሥት ታርጋ ያለው መኪና የፓርቲ ባንዲራ ሰቅሎ ሲቀሰቅስ ከታየ፣ ወይም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ በሥራ ሰዓት ለቅስቀሳ ከተሰለፈ፣ ያ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ የማይወጣ የቅስቀሳ ወጪ ነው፤ በሕግም የተከለከለ ነው። ቀኑንና ቦታውን ጽፎ ለምርጫ ጽሕፈት ቤት ማቅረብ በቡና ቤት ከማማት ይበልጣል።

እስከሚቀጥለው ምርጫ ዝም ማለት

መራጩ እምነት ካጣበት ተወካዩን በሕግ መሠረት ከአባልነት ሊያስወግደው እንደሚችል ያው አንቀጽ 54 ይደነግጋል። እዚያ መድረስ ባያስፈልግም የጊዜ ሰሌዳውን ማወቅ ይጠቅማል፦ ምክር ቤቱ ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲሆን እስከ ሰኔ 30 ይሠራል፤ በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት አለው። አባላቱ ወደ መራጩ ሲመጡ የሚቀርብላቸው ጥያቄ በጽሑፍ ቢሆን፣ የአዋጁን ቁጥርና አንቀጹን ቢጠቅስ ይመረጣል። «ስለ ቡና ምን አደረጋችሁ?» ለሚል ጥያቄ «እየተሠራበት ነው» የሚል መልስ ይበቃዋል፤ አንቀጽ ጠቅሶ «በዚህ ላይ በኮሚቴው ምን አሉ?» ለሚል ግን አይበቃም።