የኋላ የአየር ከረጢትና ስታቢላይዘር አብረው ሲገጠሙ

የፒክአፑ ኋላ በጭነት እንዳይወርድ የአየር ከረጢት አስገጥማችሁ ኩርባ ላይ ማጋደሉ ከባሰ፣ መጀመሪያ ቱቦውን እዩ። ሁለቱ ከረጢቶች በአንድ መስመር ከተገናኙ አየሩ ከተጫነው ጎን ወደ ሌላኛው ይሸሻል፤ ማጋደሉንም ያባብሰዋል። ለየብቻ ቱቦና ቫልቭ ስጧቸው። የቀረውን ማጋደል ስታቢላይዘሩ፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማውን ጎን የሚያያይዘው የብረት ዘንግ፣ ይይዘዋል። እሱ ግን ክብደት አይሸከምም፤ የከረጢቱን ሥራ አትጠብቁበት።

ሲገጠም ቅደም ተከተል አለው። እንደ ወትሮው ጫኑ፣ ኋላው ወደ ባዶ ከፍታው እስኪጠጋ ንፉ፣ ከዚያ የስታቢላይዘሩ ክንዶች አግድም እንዲሆኑ ማገናኛዎቹን አስተካክሉ። ብሎኖቹን መጨረሻ የምታጠብቁት መኪናው በጎማው ቆሞ ነው፤ በክሪክ ተንጠልጥሎ ከታሰረ የስታቢላይዘሩ ጎሚኒ እንደተጠማዘዘ ይቀራል፣ ቶሎም ያልቃል። ካጠበቃችሁ በኋላ ሻንሲውን በክሪክ አንሱትና ጎማዎቹ ሲንጠለጠሉ የስታቢላይዘሩ ብረት ከረጢቱን ወይም ቱቦውን እንዳይነካ ተመልከቱ። ብዙዎች የሚዘሉት ይህችን ነው፤ ከረጢት የሚበሳውም እዚሁ ላይ ነው።

ባዶ ስትነዱ ከረጢቱ ውስጥ 5 ፒኤስአይ ገደማ የአየር ግፊት ተዉበት፤ ጨርሶ ከተነፈሰ ተቆንጥጦ ይቀደዳል። የአምራቹን የጭነት ጣሪያ ግን ሁለቱም አያሳድጉትም። ባዶ መኪና እርጥብ አስፋልት ላይ ከሆነ ደግሞ ጠንካራ ስታቢላይዘር ኋላውን ሊያንሸራትተው ይችላል፤ ረጋ በሉ።