እንግሊዝ አገር ቤት ስትገዙ የሚታመን ጠበቃ እንዴት ታገኛላችሁ?

ይህን የምጽፈው ደሴ፣ እናቴ ቤት ሆኜ ነው። ትናንት ቶናው ሲቀዳ የጎረቤታችን ልጅ ከሊድስ ደወለች። ቤት ልትገዛ ነው። እናቷ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው «ጠበቃ ያዝሽ ወይ?» አሏት። «አንድ የኮምቦልቻ ልጅ አገናኘኝ፤ አብሽሪ፣ ሁሉንም ይጨርስልሻል አለኝ» አለች። እናት ተመስገን አሉ። እኔ ግን ደነገጥኩ። እዚያው አገር አፓርታማ ልገዛ ስል የተጎዳሁት በዚሁ «አብሽሪ» ነው።

ደሴ ላይ ሻጩን ባታውቁት እንኳ ደላላው ያውቀዋል፣ ሽማግሌው ያውቀዋል፣ ምስክሩ ያውቀዋል። መተማመን የሚመጣው በሰው በኩል ነው። እንግሊዝ አገር ያን ቦታ የያዘው መዝገብ ነው። ስለዚህ ሰው የጠቆማችሁን ስም ተቀበሉ፤ ግን መዝገብ ላይ ሳታዩት ገንዘብ አትላኩ።

መጀመሪያ፣ ማን የማን እንደሆነ እወቁ

እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የቤት ግዥን ሕጋዊ ሥራ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ሶሊሲተር (ጠበቃ) ወይም ፈቃድ ያለው ኮንቬያንሰር (በንብረት ዝውውር ሥራ ላይ ያተኮረ የሕግ ባለሙያ) ነው። ችሎት ቆሞ የሚከራከረውን ጠበቃ አታስቡ። ይሄኛው ቢሮ ተቀምጦ የቤቱን ሰነድ ይመረምራል፣ ውሉን ያነባል፣ ገንዘቡን ያስተላልፋል፣ በመጨረሻም ቤቱን በስማችሁ ያስመዘግባል። ስኮትላንድ ሕጉ ሌላ ነው። እዚያ ለሻጩ ዋጋ የሚያቀርብላችሁም ሶሊሲተሩ ስለሆነ ጠበቃ የሚያዘው ገና ቤት ስትፈልጉ ነው።

የቤቱ ኤጀንት የሻጩ ሰው ነው። ኮሚሽኑን የሚከፍለው ሻጩ ነው። ጠበቃ ሲጠቁማችሁም ከጠበቃው ቢሮ የሚያገኘው ነገር ሊኖር ይችላል። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም። ግን «እኔን ስለላክህ ስንት ይከፈልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መናገር አለበት። የፈለጋችሁትን ጠበቃ መያዝ የእናንተ መብት ነው።

ሁለተኛ፣ ስሙን መዝገብ ላይ ፈልጉ

ሶሊሲተሮችን የሚቆጣጠረው ሶሊሲተርስ ሬጉሌሽን ኦቶሪቲ ነው። ኮንቬያንሰሮችን የሚቆጣጠረው ካውንስል ፎር ላይሰንስድ ኮንቬያንሰርስ ነው። ሁለቱም ድረ ገጻቸው ላይ በነጻ የሚታይ መዝገብ አላቸው። የሰውየውንም የቢሮውንም ስም ፈልጉ። ስልኩን ከዚያው ላይ ወስዳችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ወረቀቱን አትጣሉት፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

እኔ የያዝኩት ቢሮ መዝገቡ ላይ ነበር። ፋይሌን የያዘው ሰው ግን ሶሊሲተር አልነበረም፤ ሥራውን ማን እንደሚያይለትም አልጠየቅኩም። አፓርታማው የሊዝ ነበር። የቀረው ሊዝ 67 ዓመት ብቻ መሆኑ የተነገረኝ ከ2 ወር በኋላ ነው። ባንኩ ብድሩን ከለከለኝ፤ ለምርመራ የከፈልኩትም ቀለጠ። ለደሴ ሰው ሊዝ ምን እንደሆነ አላስረዳም። እዚያ ግን መሬቱ ብዙ ጊዜ የግለሰብ ወይም የኩባንያ ነው። ዓመቱ ባጠረ ቁጥር የቤቱ ዋጋ ይወርዳል፣ ማስረዘሚያው ይወደዳል። አፓርታማ ከሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን «ስንት ዓመት ቀረው?» በሉ።

ሦስተኛ፣ ሁለት ሦስት ቢሮ ደውሉ

እነዚህን ጠይቋቸው፦ ፋይሌን በእጁ የሚይዘው ማን ነው? እሱ ዕረፍት ሲወጣ ማን ይተካዋል? ብድር የሚሰጠኝ ባንክ ከእናንተ ጋር ይሠራል? ግዥው መሃል ላይ ቢፈርስ ስንት እከፍላለሁ? ዋጋቸውን ድረ ገጻቸው ላይ ማውጣት ግዴታቸው ነው። ቢሆንም የራሳቸውን ክፍያ፣ የምርመራውን፣ የምዝገባውንና የታክሱን ለየብቻ ጽፈው ይላኩላችሁ። በጣም ርካሹን አይታችሁ አትቸኩሉ።

ወሎ ውስጥ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ወለድ ነው። ባንኩ ቤቱን ገዝቶ እያከራያችሁ ድርሻውን ቀስ በቀስ የሚሸጥላችሁ ሐላል አሠራር እዚያ አለ። በዚህ መንገድ የምትገዙ ከሆነ «ይህን ከዚህ በፊት ሠርታችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ወረቀቱ ከተራ ብድር ይለያል፤ ያልለመደው ቢሮ ያጉላላችኋል።

አራተኛ፣ የገንዘባችሁን ታሪክ አዘጋጁ

ጠበቃው ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። ብዙ ሐበሻ ይህን እንደ ንቀት ያየዋል። ንቀት አይደለም፤ ሕጉ ያስገድደዋል። እንዲያውም ምንም ሳይጠይቅ ገንዘብ የሚቀበል ጠበቃ ነው የሚያስፈራኝ።

አስቸጋሪው ዕቁብ ነው። ፈረንጁ ዕቁብን አያውቅም። 12,000 ፓውንድ በጥሬው አንድ ቀን አካውንታችሁ ውስጥ ቢገባ መልስ የሌለው ጥያቄ ይሆናል። ከወዲሁ ዕቁቡን በባንክ ክፈሉ፣ በባንክ ተቀበሉ። ጸሐፊው የአባላቱን ብዛት፣ የወሩን መዋጮና ዕጣው የወጣላችሁን ቀን ጽፎ ይፈርምላችሁ። ወንድም ወይም እህት ካገዛችሁ ደግሞ ገንዘቡ ስጦታ እንደሆነና በቤቱ ላይ ድርሻ እንደማይጠይቁ እንዲፈርሙ ይጠየቃሉ። መታወቂያቸውና የባንክ ስቴትመንታቸውም ሊፈለግ ስለሚችል ቀድማችሁ ንገሯቸው።

አምስተኛ፣ ቀብዱን የምትልኩበት ቀን

ከሻጩ ጋር የተፈረመ ውል ከመለዋወጣችሁ በፊት አብዛኛውን ጊዜ የቤቱን ዋጋ 10 በመቶ ለጠበቃው ትልካላችሁ። ሌባ የሚጠብቀው ይህን ቀን ነው። በጠበቃው ስም «የባንክ ቁጥራችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ይመጣል። አርማው ያው ነው፣ የቤታችሁ አድራሻም በትክክል ተጽፏል። ኢሜይሉ ላይ ባለው ስልክ አትደውሉ። ያቺን ወረቀት አውጡና እዚያ ላይ በጻፋችሁት ደውሉ። የባንክ ቁጥሩን አንድ በአንድ ያንብቡላችሁ። ከዚያ ትንሽ ገንዘብ ብቻ ላኩ፣ መድረሱን በስልክ አረጋግጡ፣ ቀሪውን ከዚያ በኋላ ላኩ።

ውል እስኪለዋወጥ ድረስ እናንተም ሻጩም መተው ትችላላችሁ። ከዚያ በኋላ ግን ብትተዉት ቀብዳችሁን ልታጡ ትችላላችሁ። ስለዚህ ያልገባችሁን አንድ መስመር እንኳ አትፈርሙ። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ ልጅ የሊዝ ውል መተርጎም አይችልም።

ቢሮው ከበደላችሁ አቤቱታችሁን መጀመሪያ ለራሱ በጽሑፍ አስገቡ። በ8 ሳምንት ውስጥ ካልመለሰ ወይም መልሱ ካላረካችሁ ሊጋል ኦምቡድስማን (በጠበቆች ላይ የሚቀርብ ቅሬታ የሚያይ ገለልተኛ ተቋም) ጋ ሂዱ። አያስከፍላችሁም።

ማታ ልጅቷ መልሳ ደወለች። የተጠቆመላት ሰው ስሙ መዝገቡ ላይ አለ። የኮምቦልቻው ልጅ አላሳሳታትም። ሰኞ ጠዋት ደውላ ፋይሏን ማን እንደሚይዘው ትጠይቃለች፤ እስከዚያ የዕቁቡን ጸሐፊ ደብዳቤ እያስጻፈች ነው።